ከሼንዜን እስከ ፖስታ ሣጥናችን

ዛሬ ታሪክ ልናወጋችሁ ነው የመጣነው። ታሪክ ሲባል ግን የአድዋን ወይም የመቅደላን አትጠብቁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ከሩቅ አገር በቅናሽ የገዛናት፣ ጉድም የሠራችን የአንዲት ዕቃ ታሪክ ነው። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ በኋላ "ሰባት ስምንት ዓመት አጭበረበራችሁን" እንዳትሉን።)

ነገሩ የጀመረው በ2024 ኖቬምበር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ገጽ ላይ የምንሞነጫጭር ልጆች ሽማግሌ እያሳደድን ስንቀርጽ ከርመናል። ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ የሬዲዮ ቴክኒሻኖች… ጋዜጠኝነትን ከመጽሐፍ የተማርን ልጆች ከሠሪዎቹ አፍ እንስማው ብለን ነው። ቪዲዮውና ድምፁ ተደምሮ 180 ጊጋባይት ደረሰ፣ ላፕቶፓችንም "ጠግቤያለሁ" አለች። መገናኛ አካባቢ ያሉ ኮምፒውተር ሱቆችን ብንዞር የተጠራልን ዋጋ ከአንዳችን የወር ደመወዝ በላይ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 (ይቺ በእኛው አቆጣጠር ናት) ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ገና አራት ወሩ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ተሻግሮ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በየሳምንቱ ይለወጥ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ነው ማስታወቂያዋ ስልካችን ላይ ብቅ ያለችው። ኤስ ኤስ ዲ፣ 2 ቴራባይት፣ ከኪስ የምትገባ። 129 ዶላር የሚለው ተሰርዟል፤ ከሥሩ በቀይ 19 ዶላር። ማጓጓዣ ነፃ። ዓይናችን ቀዩ ላይ ተተክሎ ቀረ። የሱቁን ስም አንጠራም፤ ሻጩም ቢሆን ዛሬ በሌላ ስም ሌላ ዕቃ እየሸጠ ይሆናል። ሻርጃ የምትኖር የአንዳችን እህት በካርዷ ከፈለችልንና ዕቃዋ በፖስታ ሣጥናችን አድራሻ ጉዞ ጀመረች።

እስክትደርስ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሥራ ስንፈታ ደግሞ ጥያቄ ይበዛብናል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ቀላል ነበር፦ 19 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ይህን ሁሉ መንገድ በነፃ የሚመጣው እንዴት ነው?

መልሱ ወደ 1874 ይወስደናል። በዚያ ዓመት የ22 አገሮች ተወካዮች በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ተሰብስበው፣ በኋላ የዓለም የፖስታ ኅብረት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ሌላ ሒሳብ ነበር። በርኖች ነገሩን አቀለሉት። ደብዳቤውን የላከው አገር የቴምብሩን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፣ ተቀባዩ አገር ደግሞ ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ያደርሳል። ሐሳቡ የዋህ ግን ብልህ ነበር፤ ደብዳቤ የጻፈ መልስ ያገኛልና ውሎ አድሮ ሒሳቡ ይቻቻላል። የዕድር ዓይነት ስሌት በሉት።

ዕድሩ የተናጋው አንዳንዱ አገር ብዙ እየላከ ጥቂት መቀበል ሲጀምር ነው። በ1969 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ ብዙ የላከ አገር ለተቀባዩ የማደያ ክፍያ እንዲከፍል ተወሰነ። ክፍያው ግን ለታዳጊ አገሮች ዝቅ ያለ ነበር፣ ቻይናም ለረጅም ጊዜ በዚያ ወገን ስትቆጠር ኖረች። እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን "ትንሽ ጥቅል" ደግሞ ከደብዳቤ ጋር ነው የሚመደበው። እንግዲህ አስቡት! ለአክስት የሚጻፍ ደብዳቤን ታስቦ የተሠራ ሕግ፣ መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ የስልክ ሽፋንና ኬብል ተሸካሚ ሆነ። አሜሪካ "ከራሴ ከተማ ወደ ከተማ ከምልከው ከቻይና የሚመጣው ይረክሳል" ብላ በ2018 ከኅብረቱ እወጣለሁ ያለችው በዚሁ ነው። በ2019 ሴፕቴምበር ጄኔቫ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ብዙ ጥቅል የሚቀበሉ አገሮች የማደያ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ተስማሙና ቀረች። ዛሬ ትልልቆቹ የኦንላይን ገበያዎች ከፖስታ ውጪ የራሳቸው የጭነት መረብ አላቸው። "ማጓጓዣ ነፃ" የሚለውን ልማድ ያስለመደን ግን ያ የበርን ዕድር ነው።

የእኛ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1894 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የታተሙት ፓሪስ ነበር። ቴምብሩም ራሱ ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ነው ማለት ነው! ኢትዮጵያ የፖስታ ኅብረቱ አባል እስከሆነችበት እስከ 1908 ድረስ ግን ያ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ብቻውን አያስኬድም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳዮቹን ቴምብር ደርቦ መለጠፍ ነበረበት። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት። ቴምብር ሰብሳቢዎች እነዚያን ፖስታዎች እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩአቸው።

ስለ ምኒልክና ስለ ሩቅ ግዢ ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። "ምኒልክ ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አዘው፣ መብራት ስለሌለ አንዱን ዙፋን አደረጉት" የሚል ወሬ በፈረንጅ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ላይ ስትዞር ታገኟታላችሁ። በዘመኑ የተጻፈ አንድም ማስረጃ የሌላት ተረት ናት። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ይልቅ የነጋዴ ታሪክ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ የታዘዘ ዕቃ ሁሉ የመጨረሻውን መንገድ በግመልና በበቅሎ ነው የጨረሰው። ሕንዳዊው መሐመድ አሊና እነ እሱን የመሳሰሉ ነጋዴዎች በሐረርና በአዲስ አበባ ሱቅ ከፍተው የቦምባዩን ጨርቅ ለእኛ፣ የእኛን ቡና ለዓለም ያገናኙ ነበር። መካከል ላይ የሚታወቅ ሰው ነበረ። ጨርቁ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ቢለቅ፣ ተመልሶ ሄዶ የሚጮኹበት በር ነበረ።

በር የሌለው ንግድ የተጀመረው ወዲያ ማዶ ነው። በ1872 ቺካጎ ውስጥ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ነጋዴ የ163 ዕቃዎችን ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ አትሞ ለገበሬዎች በተነ። ገበሬው ያላየውን ዕቃ፣ ከማያውቀው ሰው፣ በደብዳቤ ያዝዛል፤ ዕቃው በባቡር ይመጣለታል። ማን ያምናል? ዋርድም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ሳይቆይ "ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁ ይመለሳል" የሚለውን ቃል ጨመረበት። ከሱ በኋላ የመጣው ሪቻርድ ሲርስ በሚኒሶታ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በ1886 አንድ የጌጣጌጥ ነጋዴ አልቀበልም ያለውን የኪስ ሰዓት ጭነት ወስዶ በየጣቢያው ላሉ ባልደረቦቹ ሸጠና በዚያው ነጋዴ ሆኖ ቀረ። ሰዓትን ልብ በሉልን። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያይ ግን የለም። ከርቀት ለመሸጥ ከዚህ የተመቸ ዕቃ ከየት ይመጣል? ያዘዝናት ዕቃ የዚያ ሰዓት የልጅ ልጅ ናት።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። አማዞን በ1995 በሩን ከፈተ፣ አሊባባ በ1999 ሃንግዡ ላይ ተመሠረተ፣ አሊኤክስፕረስ በ2010 ለውጭ ገዢ ተዘረጋ። የእኛዋ ቅናሽ የወጣችበት ቀንም ታሪክ አለው። ኖቬምበር 11 አራት "1" የተደረደረበት ቀን ስለሆነ የቻይና ወጣቶች "የላጤዎች ቀን" ይሉት ነበር፤ በ2009 የአሊባባ ሰዎች ላጤውን "ቢያንስ ዕቃ ግዛ" አሉት፣ ቀኑ ከዓለም ትልልቅ የሽያጭ ቀኖች አንዱ ሆነ። (ከመካከላችን ላጤ የሆኑት ይህን ሲሰሙ አልሳቁም።)

አሁን ወደ ዕቃዋ እንግባ፤ ሁለተኛው ጥያቄያችን "ለመሆኑ 2 ቴራባይት በ19 ዶላር ይሆናል?" የሚል ነበርና። መጠየቅ የነበረብን ከመክፈላችን በፊት ነው፣ እሱን ተዉት።

በ1956 አይቢኤም ራማክ የተባለ ኮምፒውተር አወጣ። መረጃ ማስቀመጫው እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሰፉ 50 ዲስኮች የተደረደሩበት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ የሆነ ቁምሳጥን ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። በዛሬ ስልክ አንድ ጥሩ ፎቶ ብታነሡ ራማክን ሞላችሁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ሃርድ ዲስክ የሚባለው ሁሉ የራማክ ልጅ ነው፤ የሚሽከረከር ሰሌዳና ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ መርፌ መሰል ነገር። ለዚህ ነው ሃርድ ዲስክ ወድቆ "ቂጭ ቂጭ" ማለት ከጀመረ የሚለቀሰው።

የማይሽከረከረውን ያመጣው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ የጃፓኑ ቶሺባ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡ ኤሌክትሮንን ማሰር ነው። በሲሊከን ላይ በማያስተላልፍ ግድግዳ የተከበበች ጥቃቅን ክፍል ትሠራለህ፤ በኃይል ገፍተህ ኤሌክትሮን ታስገባባታለህ፤ መብራት ቢጠፋም እስረኛው አይወጣም። እስረኛ ያለበት ክፍል አንድ ነገር፣ ባዶው ሌላ ነገር ማለት ነው። ለማጥፋት ሲፈለግ ብዙው ክፍል በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይጸዳል፤ ይህን ያየ ሾጂ አሪዙሚ የተባለ ባልደረባው የካሜራ ብልጭታ ትዝ ብሎት "ፍላሽ" የሚለውን ስም አወጣ። ማሱኦካ ፈጠራውን በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሙያ ሰዎች አሳየ፤ ናንድ የሚባለውን፣ ዛሬ በስልካችንም በኤስ ኤስ ዲ ውስጥም ያለውን ዓይነት ደግሞ በ1987 አስከተለ።

እንግዲህ ሜክሲኮም ሆነ ስድስት ኪሎ ፊልም ቤት ቆማችሁ "እስኪ ይቺን ፍላሽ ሙላልኝ" ስትሉ፣ ባለማወቅ የአሪዙሚን ካሜራ እየጠራችሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትሰካዋ ፍላሽ ራሷ ገበያ የወጣችው በ2000፣ 8 ሜጋባይት ይዛ ነው። በእኛ ከተማ ግን ከዕቃም አለፈች። ኢንተርኔቱ ውድና ዘገምተኛ በነበረባቸው ዓመታት ዘፈኑ፣ ተከታታይ ፊልሙ፣ የተማሪው ሃንድአውት፣ ጸረ ቫይረሱ (ቫይረሱም ጭምር) የተጓዘው በፍላሽ ነው። "ዘፈን መጫን" የሚባል ሥራ ስንቱን ወጣት አብልቷል።

ማሱኦካ ግን ብዙም አልበላበትም። ቶሺባን ለቆ ወደ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ በ2004 "ድርሻዬን" ብሎ ከሰሰ፣ በ2006 በ87 ሚሊዮን የን ተስማሙ። ዓለም በኪሱ ይዞት ለሚዞር ነገር!

ፍላሽን በሃርድ ዲስክ ምትክ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ሌላ ብዙ ዓመት ጠይቋል። ሳንዲስክ በ1991 ያወጣው 20 ሜጋባይት የሚይዝ ሲሆን ዋጋው 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። ኢንቴል በ2008 ያወጣው 80 ጊጋባይት፣ ለጅምላ ገዢ 595 ዶላር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው የወደቀው በሁለት ብልሃት ነው። አንደኛው፣ ክፍሎቹን እንደ ኮንዶሚኒየም ወደ ላይ መደርደር ነው፤ ሳምሰንግ በ2013 ጀመረው። ሁለተኛው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የእስረኛውን ብዛት አጣርቶ መቁጠር ነው። "አለ" እና "የለም" ብቻ ሲባል የነበረው፣ ስምንት ደረጃ፣ ከዚያም አሥራ ስድስት ደረጃ ተለየበት። በዚያው ቦታ ብዙ መረጃ ይገባል፣ ግድግዳው ግን ቶሎ ያረጃል፣ ሲጻፍበትም ይዘገያል። ሐቀኛ ቅናሽ የሚመጣው ከዚህ ነው። የረቀቀ ቆጠራ፣ የቀነሰ ዕድሜ፣ ያለፈ ዓመት ሞዴል።

19 ዶላር ግን ከዚህ አልመጣም።

ዕቃዋ ፖስታ ቤት ስትደርስ ጉምሩኮቹ ፊት ከፈትናት፣ የተጠየቅነውን ቀረጥ ከፍለን ወሰድናት። የብረት ሽፋን አላት፣ ታምራለች። ላፕቶፑ ላይ ስንሰካት "2 ቴራባይት" አለች። 180 ጊጋባይቱን ገለበጥን፤ የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ተደረደረ፣ ልካቸውም ትክክል ነው። ሦስቱን ከፍተን አየን፣ ይሠራሉ። ከዚያ… ላፕቶፑ ላይ ያለውን አጠፋን። አዎ፣ አጠፋን። አሁን ማንም የሚሰድበን የለም፣ ራሳችንን በደንብ ሰድበን ጨርሰናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ቃለ ምልልስ ልንጽፍ ስንከፍተው አልከፈት አለ። ሌላውም። ስሙ አለ፣ ልኩ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሽፋኗን በቢላዋ ፈልቅቀን ስናይ፣ በውስጧ የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙቅ ማጣበቂያ ተለጥፎ ተቀምጧል። 64 ጊጋባይት! ማታለያው እንዲህ ነው፦ የዕቃዋን መቆጣጠሪያ "2 ቴራባይት ነኝ በይ" ብለው ያስተምሯታል፤ የፋይሎቹን ማውጫ በትክክል ትጽፋለች፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብላ እየተቀበለች ትጥለዋለች። "ስህተት" የሚል ቃል አይወጣትም። ይህ ተንኮል በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በ2022 በአሜሪካ ስመ ጥር የገበያ ድረ ገጾች ላይ "30 ቴራባይት" ተብለው በ40 ዶላር የማይሞሉ ተመሳሳይ ዕቃዎች ሲሸጡ ተጋልጠዋል።

19 ዶላሩ ተመልሷል። የዋርድ ቃል ከ150 ዓመት በኋላም ይሠራል፤ ፎቶ ላክን፣ ገንዘቡ እህታችን ካርድ ላይ ገባ። ቀረጡ አልተመለሰም፣ ቅጂዎቹም አልተመለሱም። ከጠፉት መካከል የአንድ አዛውንት ፊደል ለቃሚ የሁለት ሰዓት ወግ አለበት። የእርሳስ ፊደሉን በጣታቸው ሲለቅሙ "ሀ"ን ከ"ሐ" ዓይናቸውን ጨፍነው እንዴት እንደሚለዩ፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ እጃቸውን በምን እንደሚታጠቡ የነገሩን። ድጋሚ እንቅረጻቸው ብለን ስንደውል ልጃቸው ነው ያነሣችው። አርባቸው ወጥቶ ነበር።

በ2025 ሁለተኛ ገዛን። ይህችኛዋም ከባሕር ማዶ፣ ይህችኛዋም በቅናሽ። 500 ጊጋባይት፣ ከ52 ዶላር ወደ 43፤ ቅናሽ ማለት እንዲህ ልክ ያለው ሲሆን ነው የሚታመነው። ሻርጃ ደርሳ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልላ መጣች። (የነጋዴው ግመል ዛሬ 23 ኪሎ የሚፈቀድለት መንገደኛ ሆኗል።) ምንም ሳንጭንባት በፊት ኤፍ 3 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለቀቅንባት። ፕሮግራሙ ዕቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁጥር ይሞላና መልሶ ያነበዋል፤ የዋሸ ዕቃ አያመልጠውም። ለዊንዶውስ ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባል አለ። ማታ ጀመርነው። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይን፣ ቡና አፍልተን፣ ተራ ገብተን ስንጠብቀው አደርን። ሊነጋጋ ሲል ጨረሰ። ያላትን ሁሉ ቆጥራ አስረክባለች፣ አንድም ጉድለት የለባትም።

ያም ሆኖ ብቻዋን አናምናትም። የኤስ ኤስ ዲ እስረኞች ግድግዳው ባረጀ ቁጥር በዝግታ ያመልጣሉና፣ አምራቾቹ የሚመሩበት የጄዴክ መለኪያ እንኳን ተራ ኤስ ኤስ ዲ የጽሑፍ ዕድሜዋን ከጨረሰች በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሙቀት መረጃ እንድትይዝ የሚጠይቀው አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ እንሰካታለን፣ ሁለተኛ ቅጂ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው የአንዳችን እናት ቁምሳጥን ውስጥ ባለች ፍላሽ ላይ አለ።

ከአዛውንቱ ወግ 17 ደቂቃ ተገኝቷል። አንዳችን ያኔ ለጓደኛዋ "እስኪ ይቺን ስሚ" ብላ በቴሌግራም ልካው ስለነበረ ነው። ስለ እጅ መታጠቡ የሚያወሩበት የለበትም። ስለ "ሀ" እና ስለ "ሐ" ያለው ግን አለ፤ ከበስተጀርባ የቡና ሙቀጫ ይሰማል፣ እሳቸውም "ይቅርታ፣ ልጄ፣ ቀስ ብላችሁ ውቀጡ፣ እየቀረጹኝ ነው" ይላሉ።